ከተግሣጹ በፊት የልጁን ጀርባ ገልጠን እንይ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

መስከረም ጠብቶ ትምህርት ቤት ሲከፈት በየቤቱ የተለመደው ተግሣጽም ይጀምራል፤ «ቀጥ በል! አትጉበጥ!» አባት ማዕድ ላይ ይለዋል፣ መምህር ክፍል ውስጥ ይደግመዋል፣ አያትም ጀርባውን መታ አድርገውት ያልፋሉ። ሁሉም ለልጁ አስበው ነው። ሆኖም «መጉበጥ» ብለን በአንድ ቃል የምንጠራው ነገር እርስ በርስ የማይገናኙ ችግሮችን ይዟል። አንዱ የአቀማመጥ ልማድ ነው፣ ሌላው አጥንት ሲያድግ የሚመጣ መጣመም ነው፣ ሌላው ደግሞ አከርካሪ ውስጥ የገባ ቲቢ ነው። አንዳቸውም በተግሣጽ አይድኑም። ሁለቱ ግን ወራት ባለፉ ቁጥር እየከፉ ይሄዳሉ። ስለዚህ የድሬዳዋና የሐረር ወላጆች ልጃቸውን ከመገሠጻቸው በፊት ልብሱን አስወልቀው ጀርባውን በደንብ እንዲያዩለት ለመለመን ይህን ጽፈናል።

ቀጥ ያለ ጀርባ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው እንደ ዱላ የተገተረ ጀርባ ነው። ጤነኛ አከርካሪ ከጎን ሲታይ እንዲህ አይደለም። 7 የአንገት፣ 12 የደረት፣ 5 የወገብ፣ በድምሩ 24 የሚንቀሳቀሱ አጥንቶች አሉት፤ ከሥራቸው እርስ በርስ የተጣበቁት የዳሌና የጭራ አጥንቶች ይከተላሉ። ይህ ድርድር አንገት ላይ ወደ ውስጥ፣ ደረት ላይ ወደ ውጭ፣ ወገብ ላይ ተመልሶ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። የደረቱ ኩርባ ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ድረስ ከሆነ እንደ ጤናማ ይቆጠራል። እነዚህ ኩርባዎች እንደ መኪና ባሌስትራ ሸክሙንና ንዝረቱን ያበርዳሉ። ከኋላ ሲታይ ግን አከርካሪው ከማጅራት እስከ መቀመጫ ስንጥቅ በአንድ መስመር መውረድ አለበት። ወደ ጎን ከታጠፈና በራጅ ተለክቶ ኩርባው 10 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ስኮሊዮሲስ ይባላል።

ስኮሊዮሲስ ወደ ጎን መታጠፍ ብቻ አይደለም። አጥንቶቹ እየታጠፉ በራሳቸው ዙሪያም ይዞራሉ፤ ከድሬዳዋ ወደ ደንገጎ የሚወጣው መንገድ እየተጠማዘዘ ሽቅብ እንደሚሄደው ማለት ነው። ሲዞሩ ጎድኖቹን ይዘው ስለሚዞሩ ልጁ ሲያጎነብስ የጀርባው አንዱ ጎን ከሌላው ከፍ ይላል። ከ10 ዓመት እስከ 16 ዓመት ካሉ ልጆች ከ100 ከ2 እስከ 3 በሚሆኑት ላይ ይገኛል። ከአሥር ስኮሊዮሲስ ስምንቱ ያህል ምክንያታቸው አይታወቅም። ትንንሹ ኩርባ ወንድም ሴትም አይመርጥም፤ 30 ዲግሪ ካለፉት መካከል ግን ሴቶቹ በብዙ እጥፍ ይበልጣሉ። አብዛኛውን ጊዜ ስለማያም ልጅቷ አታማርርም፣ ቤተሰብም ሳያውቅ ይቆያል። ቦርሳ በአንድ ትከሻ ስላነገተች፣ ጄሪካን ስለተሸከመች ወይም ስትጽፍ ተንጋዳ ስለተቀመጠች አልመጣም። ይህን አጥብቀን የምንናገረው እናትም ልጅም ያለ ጥፋታቸው ሲሳቀቁ፣ ቦርሳ በመቀየርና በመቆጣት የሚያልፈው ጊዜ ደግሞ ለሕክምናው የሚያስፈልገው ጊዜ ስለሆነ ነው።

ማየቱ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ከ10 ዓመት ጀምሮ እድገት እስኪቆም በየስድስት ወሩ አንድ ጊዜ ይበቃል። በዚህ ዕድሜ ሐፍረት ስለሚበረታ ሴት ልጅን እናቷ ወይም ታላቅ እህቷ፣ በር ተዘግቶ፣ ሌላ ሰው በሌለበት ትያት። ልጁ ከወገብ በላይ ልብሱን አውልቆ፣ ሱሪው እስከ ዳሌው ዝቅ ብሎ፣ ባዶ እግሩን፣ ጀርባውን ብርሃን ወደሚገባበት መስኮት ሰጥቶ ይቁም። ፀጉር ረጅም ከሆነ ከማጅራት ተነሥቶ ይታሰር። እግር ተጠጋግቶ፣ ጉልበት ተዘርግቶ፣ እጅ ዝም ብሎ ተንጠልጥሎ። መጀመሪያ ትከሻዎቹ እኩል መሆናቸው ይታያል። ቀጥሎ ጠፍጣፋዎቹ የትከሻ አጥንቶች፣ አንዱ ወደ ውጭ ወጥቶ እንደሆነ። ከዚያ በተንጠለጠለው ክንድና በወገብ መካከል ያለው ክፍተት፤ በአንዱ ጎን እንደ መስኮት ሰፍቶ በሌላው ጎን ከጠበበ ግንዱ ወደ አንድ ወገን ሄዷል ማለት ነው። እናቶች አስቀድመው የሚያስተውሉት የቀሚሱ ጫፍ በአንድ በኩል ከፍ ማለቱን ነው፤ ይህ የሰፊው ስሕተት ነው ተብሎ መታለፍ የለበትም። በመጨረሻ ግንበኛ በቱንቢ እንደሚያደርገው፣ ክር ጫፍ ላይ ብሎን አስሮ፣ ክሩን ማጅራት ሥር ጎልቶ የሚዳሰሰው አጥንት ላይ ይዞ ቁልቁል መልቀቅ ነው። ክሩ የመቀመጫው ስንጥቅ ላይ ካላረፈ ምን ያህል እንደራቀ በማስመሪያ ይለካና ከነቀኑ ደብተር ላይ ይጻፍ።

ዋናው ምርመራ ግን እንግሊዛዊው ሐኪም ዊሊያም አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1865 የገለጸው የማጎንበስ ምርመራ ነው። ልጁ እግሮቹን አጋጥሞ፣ ጉልበቱን ሳያጥፍ፣ መዳፎቹን አገናኝቶ ወደ ፊት ዘርግቶ፣ ጀርባው እንደ ጠረጴዛ እስኪጋደም ቀስ ብሎ ያጎነብሳል። የሚያየው ሰው ከኋላው ቁጭ ብሎ ዓይኑን ከጀርባው ጋር ያስተካክላል። ሲወርድ በመጀመሪያ የትከሻው አካባቢ፣ ከዚያ የጎድኑ፣ በመጨረሻ የወገቡ ይታያል፤ በየደረጃው ግራውና ቀኙ እኩል መሆን አለበት። አንዱ ጎን እንደ ትንሽ ኮረብታ ከተነሣ ይህ የዞረው አከርካሪ የገፋው ጎድን ነው። ምርመራው የሚበላሸው በሦስት ነገር ነው፤ ልጁ አንዱን ጉልበት ሲያጥፍ፣ አንዱን እጅ አስቀድሞ ሲልክ፣ ወይም አንድ እግሩ ከሌላው አጭር ሲሆን። እግሩ ካጠረ ዳሌው ስለሚያዘነብል አከርካሪው ጤነኛ ሆኖም የተጣመመ ይመስላል። ልጁን ወንበር ላይ አስቀምጦ እንዲያጎነብስ ማድረግ ይህን ይለያል፤ ተቀምጦ ጉብታው ከጠፋ ችግሩ ከእግሩ ነው።

ስልክ ያለው ቤት ጉብታውን በቁጥር ሊለካው ይችላል። ብዙ ስልኮች ላይ ግንበኞች የሚጠቀሙበት ዓይነት ውሃ ልክ አለ። ስልኩ አስቀድሞ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ዜሮ ማንበቡ ይረጋገጣል። ከዚያ ለኪው ሁለቱን አውራ ጣቶቹን ከስልኩ ሥር ከግራና ከቀኝ አድርጎ፣ ያጎነበሰው ልጅ ጀርባ ላይ አግድም ያሳርፈዋል፤ በጣቶቹ መካከል ያለው ክፍተት የአከርካሪውን ጉጥ ያሳልፋል። ከላይ፣ ከመሐልና ከወገብ ከተነበቡት ትልቁ ቁጥር ይያዛል። 7 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል ነው። 5 ወይም 6 ከሆነ ከሦስት ወር በኋላ ይደገም። ይህ ቁጥር ጎድኑ የተነሣበትን ልክ የሚነግር ነው፤ ራጅ ላይ ከሚለካው የኩርባ ዲግሪ ጋር አንድ አይደለምና አይደናገሩ።

ድሬዳዋ ያለ ወላጅ ድል ጮራ ወይም ሳቢያን ሆስፒታል፣ ሐረር ያለ ሕይወት ፋና ወይም ጀጎል ሆስፒታል ሲሄድ ራጁ ልጁ ቆሞ እንዲነሣ ይጠይቅ። ተኝቶ የተነሣ ራጅ ኩርባውን አሳንሶ ያሳያል፤ ሸክሙ የለበትማ። ከአንገት እስከ ዳሌ በአንድ ላይ የሚታይበት፣ ጨረሩም ከጀርባ በኩል የሚገባበት ቢሆን ይመረጣል፤ እያደገ ያለ ጡት የሚያገኘው ጨረር ይቀንሳል። ልኬቱ እ.ኤ.አ. በ1948 አሜሪካዊው ጆን ኮብ ባስተዋወቀው ዘዴ ነው የሚወሰደው። አንዱን ፊልም ሁለት ባለሙያዎች ቢለኩት እንኳ እስከ 5 ዲግሪ ሊለያዩ ስለሚችሉ፣ ባለፈው 18 የነበረ ዘንድሮ 21 ቢባል «ብሶበታል» ብሎ መደንገጥ አያስፈልግም። ፊልሙን ግን መጣል አይገባም፤ የሚቀጥለው ሐኪም የሚያነጻጽረው በእሱ ነው።

ኩርባው ምን ያህል ያሰጋል የሚለው በሁለት ነገር ይወሰናል፤ በዲግሪውና በቀረው እድገት። የሴት ልጅ ቁመት በጣም የሚፈጥነው የወር አበባ ከመምጣቱ በፊት ባሉት ወራት ነው፤ ከመጣ ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ እድገቱ ወደ ማለቁ ይቃረባል። ገና እያደገች ያለች ልጅ ኩርባዋ ከ20 በታች ከሆነ ከአምስት አንዷ ላይ ገደማ ይብሳል፤ ከ20 እስከ 29 ከሆነ ግን ከሦስት ሁለቱ ላይ ገደማ ይብሳል። ከ25 እስከ 40 ባለውና እድገት በቀረው ልጅ ላይ ከጠንካራ ፕላስቲክ በልክ የሚሠራ የግንድ ድጋፍ፣ ማለትም ብሬስ፣ ይታዘዛል። ብሬስ ያለውን ኩርባ አያቃናም፤ እንዳይብስ ይይዘዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ የሆነ በአሜሪካና በካናዳ የተካሄደ ጥናት እንዳሳየው ብሬስ ካደረጉት 72 በመቶው፣ ካላደረጉት ደግሞ 48 በመቶው ብቻ፣ እድገታቸውን ለቀዶ ሕክምና ከሚያደርሰው 50 ዲግሪ በታች ሆነው ጨርሰዋል። በቀን 13 ሰዓትና ከዚያ በላይ ያደረጉት ላይ ውጤቱ ከ90 በመቶ በላይ ነበር። ሰዓቱ ነው መድኃኒቱ፤ ከአልጋ ሥር ተጥሎ የሚውል ብሬስ ምንም አይሠራም።

በድሬዳዋ ሙቀት ብሬስ ማድረግ ምን ያህል እንደሚፈትን እናውቃለን። ስለዚህ ብሬሱ በታዘዘበት ሰዓት ልክ ሆኖ፣ የሚወልቅበት ጊዜ ቀኑ በሚያቃጥልበት ከሰዓት በኋላ ላይ ይዋል፤ ማታና ሌሊት ይደረግ። ከሥሩ ስፌት የሌለው ስስ የጥጥ ከነቴራ ይልበስ፤ ላብ በነካው ቁጥር ይቀየር። ቆዳው በየቀኑ በሳሙና ይታጠብና በደንብ ይድረቅ። ቫዝሊንም ቅባትም ከብሬስ ሥር አይቀባም፤ ቆዳውን አለስልሶ ያቆስለዋል። ብሬሱ ሲወልቅ የሚታየው ቅላት በ30 ደቂቃ ውስጥ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ ወይም ቆዳው ከተላጠ ማሰሪያውን ማላላት መፍትሔ አይደለም፤ ሠሪው ጋ ተመልሶ የሚጫነው ቦታ ይስተካከል። መጀመሪያ ላይ በቀን ሁለት ሰዓት ተጀምሮ በየቀኑ እየተጨመረ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሙሉው ሰዓት ላይ ይደረሳል።

50 ዲግሪ ያለፈ ኩርባ እድገት ካቆመ በኋላም በዓመት አንድ ዲግሪ ያህል ሊጨምር ስለሚችል ቀዶ ሕክምና ይታሰባል። በጣም የከፉ ኩርባዎች ሳንባንም ያፍናሉ። አገራችን ውስጥ የሚኖሩት አሜሪካዊው ሐኪም ዶክተር ሪክ ሆድስ ለዓመታት ብዙ ኢትዮጵያውያን ልጆችን ጋና ወደሚገኘው ፎኮስ ሆስፒታል እየላኩ አከርካሪያቸው እንዲቃና አድርገዋል። ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ እዚያ የደረሱት ኩርባቸው ከ100 ዲግሪ አልፎ ነው፤ በ25 ዲግሪው ጊዜ ጀርባቸውን ያየላቸው ሰው አልነበረም።

አሁን ወደ ቲቢው። ይህ ክፍል ከሌላው ሁሉ በላይ እንዲነበብልን እንፈልጋለን፤ ምክንያቱም ኢትዮጵያ የቲቢ ጫና ከከበደባቸው አገሮች አንዷ ናት፤ ቲቢ ሲባል ደግሞ ሰው የሚያስበው ሳልን ብቻ ነው። አጥንትና መገጣጠሚያ ላይ ከሚወጣው ቲቢ ግማሽ ያህሉ አከርካሪ ላይ ነው። ባክቴሪያው በደም ተጉዞ ብዙውን ጊዜ ከደረት በታችኛው ክፍልና ወገብ ከሚጀምርበት አካባቢ ያርፋል፤ የአጥንቱን የፊት ክፍል በልቶ ሲጨርስ አጥንቱ ወደ ፊት ይደረመሳል። ስለዚህ ጀርባው ላይ የሚታየው ጉብታ እንደ ልማድ መጉበጥ ክብ አይደለም፤ እንደ ጉልበት ሹል ነው፣ በአንድ ቦታ ላይ ነው፣ ሲነኩትም ያማል። አብሮት ለሳምንታት የማይለቅ የጀርባ ሕመም፣ የማታ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ የክብደት መቀነስ ይኖራል። ትንሽ ልጅ ከሆነ ከመሬት ዕቃ ሲያነሣ ወገቡን አያጥፍም፤ ጀርባውን ቀጥ አድርጎ፣ አንድ እጁን ጭኑ ላይ ተደግፎ ቁጢጥ ይላል። ይህን ያየ ወላጅ «ቀጥ ማለት ለምዷል» ብሎ ሊደሰት ይችላል፤ እውነቱ ሕመሙ እንዳያጎነብስ መከልከሉ ነው። እግር መዛል፣ መደናቀፍ ወይም ሽንት መቆጣጠር አለመቻል ከመጣ መግሉ ወይም የፈረሰው አጥንት ኅብለ ሰረሰርን እየተጫነ ነው፤ ያኔ ነገ የሚባል ቀጠሮ የለም።

ሕክምናው በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ይሰጣል። የአከርካሪ ቲቢ ሕክምና 12 ወር ነው፤ ሕመሙ በሁለተኛው ወር ሲቀል ማቋረጥ በሽታውን መድኃኒት የማይበግረው ያደርገዋል። ልጅ ከሆነ ቲቢው ከዳነም በኋላ ያልተበላው የአጥንቱ የኋላ ክፍል ማደጉን ስለሚቀጥል ጉብታው ሊጨምር ይችላል፤ እድገቱ እስኪያበቃ ክትትሉ አይቋረጥም። ወጌሻ በእጁ ብዙ ስብራትና ወለምታ እንደሚረዳ የሚታመን ቢሆንም፣ ሹል ጉብታ ያለበትን ጀርባ መጫን፣ መርገጥ ወይም መታሸት በቲቢ የሳሳውን አጥንት ሰብሮ ሽባ ሊያደርግ ይችላል። ወጌሻዎች ራሳቸው ይህን ምልክት አውቀው ሰውየውን ወደ ሆስፒታል ቢመልሱት ትልቅ ውለታ ነው።

ክብ ሆኖ ለሚጎብጠው ጀርባ ደግሞ ቀላል መለያ አለ። ልጁ በሆዱ ይተኛና እጆቹን ከጎኑ አድርጎ ራሱንና ደረቱን ከመሬት ያንሣ። ክቡ ጀርባ ከተዘረጋ የልማድ ነው። እንደተቆለመመ ከቀረ ደግሞ ሾየርማን የሚባለው ሊሆን ይችላል፤ በዚህ በሽታ ቢያንስ ሦስት ተከታታይ አጥንቶች ሲያድጉ ከፊታቸው በኩል ቀጥነው እንደ ሽብልቅ ይሆናሉ፤ በጉርምስና ይመጣል፣ ራጅና የፊዚዮቴራፒ ክትትልም ይፈልጋል። ዕድሜያቸው ከ50 ያለፈ እናቶች ላይ የሚመጣ መጉበጥ ግን ሌላ ነው። ቁመታቸው ከ4 ሳንቲሜትር በላይ ካጠረ፣ ወይም ጄሪካን ካነሡ በኋላ ድንገት ጀርባቸውን ካመማቸው፣ የሳሳ አጥንት ተሰብሮ ሊሆን ስለሚችል መታየት አለባቸው። ወደ ፊት የሚያጎነብስ እንቅስቃሴ ለእነሱ አይታዘዝም።

የልማዱን መጉበጥ የሚሠራው ዕቃው ነው። በብዙ ትምህርት ቤቶች አንዱን ዴስክ ጠዋት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ፣ ከሰዓት የሦስተኛ ክፍል ልጅ ይቀመጥበታል። ለ1 ሜትር ከ15 ልጅ 31 ሳንቲሜትር መቀመጫና 53 ሳንቲሜትር ጠረጴዛ፣ ለ1 ሜትር ከ30 ልጅ 35 እና 59፣ ለ1 ሜትር ከ45 ልጅ 38 እና 64፣ ለ1 ሜትር ከ60 ልጅ 43 እና 71 ይስማማል። መሠረቱ ቀላል ነው፤ መቀመጫው ከወለል እስከ ቋንጃ ባለው ልክ፣ ጠረጴዛው ተቀምጦ ክንዱን ሲጥል ክርኑ በሚደርስበት ቦታ ወይም ትንሽ ከፍ ብሎ። 1 ሜትር ከ30 የሆነ ልጅ በትልቁ፣ 43 እና 71 በሆነው ዴስክ ላይ ሲቀመጥ እግሩ ይንጠለጠላል፤ ወደ ፊት ተንሸራቶ በመቀመጫው ጫፍ ላይ ያርፋል፣ ትከሻው ወደ ጆሮው ይወጣል፣ ጀርባው ይከባል። አሁን «ቀጥ በል» ቢባል በምኑ ተደግፎ ቀጥ ይላል? አዲስ ዴስክ መግዛት አያስፈልግም። መቀመጫው ላይ 4 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ጠንከር ያለ ትራስ ተደርጎ፣ ከእግሩ ሥር 12 ሳንቲሜትር ከፍታ ያለው ሳንቃ ከዴስኩ እግሮች ጋር አግድም ከተመታ፣ በመቀመጫውና በጠረጴዛው መካከል ያለው 24 ሳንቲሜትር፣ ለእሱ የሚያስፈልገው ልክ ይገኛል። የአናጺ ሥራ ነው፤ ለአንድ ክፍል ግማሽ ቀን አይፈጅም። ቦርሳን በተመለከተ ከልጁ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ በላይ ባይሆን፤ 30 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ተኩል። ኩርባ አያመጣም፣ ትከሻና ወገብ ግን ያሳምማል።

አዋቂዎቹም ከዚህ አያመልጡም። ሐረር መኪና ግርግር ላይ ልብስ የሚሰፉት ሰዎች ከጠዋት እስከ ማታ አንገታቸውን ደፍተው የሚውሉት ዓይናቸው መርፌውን ፍለጋ ነው። ትንሽ መብራት በቀጥታ መርፌው ላይ ቢደረግ አንገቱ በራሱ ይነሣል። የበርጩማውን የኋላ እግሮች በ3 ሳንቲሜትር እንጨት ከፍ ማድረግ ዳሌውን ወደ ፊት ስለሚያዘነብለው ወገቡ የተፈጥሮ ኩርባውን ይይዛል። የባጃጅ ሹፌር ተሳፋሪ ከጎኑ ሲጭን በአንድ ቂጡ ብቻ ተቀምጦ፣ ግንዱን አጣምሞ ቀኑን ሙሉ ይነዳል፤ ለጀርባውም ለሕይወቱም ያንን ቦታ ባዶ ቢተወው ይሻላል። በርጫ ላይ ደግሞ ከምሳ በኋላ በግራ ክርን ትራስ ላይ ጋደም ብሎ እስከ ምሽት መቀመጥ የተለመደ ነው። ጫት ድካምን ስለሚደብቅ ሰውነት «ተነሥ» ሲል አይሰማም። አከርካሪው ለአራትና ለአምስት ሰዓት ወደ አንድ ጎን ታጥፎ ይቆያል፤ ክርን ላይ የሚያልፈው ነርቭ ተጨፍልቆ ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ይደነዝዛሉ። ጫቱን አቁሙ ማለት የዚህ ደብዳቤ ጉዳይ አይደለም። በየግማሽ ሰዓቱ ጎን መቀየር፣ ትራስ ከወገብ ኋላ ማድረግና ተነሥቶ ግቢ መዞር ግን ማንም የሚችለው ነው። ስልክ ላይ ማቀርቀርም እንዲሁ፤ ራስ 5 ኪሎ ያህል ይመዝናል፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ አንድ ስሌት ግን አንገት 60 ዲግሪ ሲታጠፍ በአንገት አጥንቶች ላይ የሚያርፈውን ጫና 27 ኪሎ አድርሶታል።

ጡንቻውን ለማበርታት አራት እንቅስቃሴ ይበቃል፤ በሳምንት አምስት ቀን፣ ለውጡ የሚታየው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ነው። አንደኛ፣ ወደ ፊት እያዩ አገጭን ወደ ኋላ መሳብ፣ 5 ሰኮንድ ይዞ 10 ጊዜ። አገጩን ወደ ደረት የሚደፋ ሰው እንቅስቃሴውን አበላሽቶታል። ሁለተኛ፣ ተረከዝን ከግድግዳ 10 ሳንቲሜትር አርቆ፣ መቀመጫን፣ ጀርባንና ራስን ግድግዳ ላይ አስደግፎ፣ ክርንና የእጅ ጀርባ ሳይለቅ እጅን ወደ ላይ ማንሸራተት፣ 10 ጊዜ። ወገቡ ከግድግዳው በጣም የሚርቅ ከሆነ ሆዱን ይሳበው። ሦስተኛ፣ በሆድ ተኝቶ ደረትን ጥቂት አንሥቶ 5 ሰኮንድ መያዝ፣ 10 ጊዜ፤ ዓይን መሬቱን ያይ እንጂ አንገት ወደ ኋላ አይቀልበስ። አራተኛ፣ በበር መቃን ላይ ክንድን አስደግፎ ደረትን ወደ ፊት መግፋት፣ 30 ሰኮንድ፣ 3 ጊዜ። በየገበያው የሚሸጠው ትከሻ የሚጎትት ቀበቶ ሲደረግ ትከሻው ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ሲወልቅ ተመልሶ ይመጣል፣ የጀርባው ጡንቻም ሥራውን ለጨርቁ ትቶ ይሰንፋል። ይህን ቀበቶ ከብሬስ ጋር ማምታታት ለስኮሊዮሲስ ልጅ ወርቃማ ዓመት ያሳልፍባታል።

ስለዚህ የድሬዳዋ አስተዳደርንና የሐረሪ ክልልን የጤናና የትምህርት ቢሮዎች አንድ ነገር እንጠይቃለን። ሴቶች ልጆች በ10 እና በ12 ዓመታቸው፣ ወንዶች በ13 ወይም በ14 ዓመታቸው የማጎንበስ ምርመራ በትምህርት ቤታቸው ይደረግላቸው። በየትምህርት ቤቱ አንዲት መምህርትና አንድ መምህር ለግማሽ ቀን ቢሠለጥኑ ይበቃል። መጋረጃ ያለው ክፍል፣ ውሃ ልክ ያለው ስልክ፣ ስምና ቁጥር የሚጻፍበት ደብተር ያስፈልጋል፤ ለአንድ ልጅ ከሁለት ደቂቃ አያልፍም። 7 ዲግሪ የደረሰ ልጅ ስም ለወላጅ ብቻ፣ በፖስታ ታሽጎ ይሰጥ፤ በክፍል ፊት አይነበብ። ሥልጠናውን ለመስጠት እኛ ቅዳሜዎቻችንን እንሰጣለን፤ ክፍያም አንጠይቅም።

ከአክብሮት ጋር፣
በድሬዳዋ የምንሠራ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች